ያልተፋቀው ምልክት

በሥራ ቀን ምሽት ስለ ኮምፒውተር የውስጥ አካል ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የጋበዙኝ ወዳጆች «ሁሉም ሰው እንዲገባው አድርገህ ንገረን፤ ግን እንደ ሕፃን አታጫውተን» ብለውኛል። አደራቸውን ለመጠበቅ እሞክራለሁ።

የመጣሁበት ዓላማ አንድ ነው። በኪሳችን የያዝነው ስልክም፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጠው ሰርቨርም የቆሙበት «ከርነል» የሚባል የሶፍትዌር ክፍል አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ ቀዳዳ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ማን እንደሚያገኘውና እንዴት እንደሚደፈን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ። አስቀድሜ ከርነል ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ቀጥሎ በጀርመን አገር የሚሠራ አንድ ባለሙያ ከአንድ የተበላሸ ፋይል ተነሥቶ ወደ አሥር ወር በሚጠጋ ጊዜ ምን ላይ እንደደረሰ አወጋችኋለሁ፤ ከምሽቱ አብዛኛውን የሚወስደው ይህ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ሲገኝ መናገር ይሻላል ወይስ መደበቅ የሚለውን ክርክር እናያለን፤ በመጨረሻም ወደ ገዛ ስልካችን እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገብ ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ወዲህ ቆሟል፤ መዝገቡ ከመስኮቱ ወዲያ በመደርደሪያ ላይ ነው። ባለጉዳይ ዘው ብሎ ገብቶ ፋይል አይመዝም። የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ጸሐፊዋ ማን እንደሆነና ምን እንደተፈቀደለት ታያለች፤ ከተፈቀደለት ታወጣለታለች፣ ካልተፈቀደለት ትመልሰዋለች። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ያነባል እንጂ እስክሪብቶ አያሳርፍበትም። በኮምፒውተር ውስጥም እንዲሁ ነው። የምንከፍታቸው ፕሮግራሞች፣ የፎቶውም፣ የመልእክቱም፣ የባንኩም መተግበሪያ፣ ሁሉም ባለጉዳዮች ናቸው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ከርነል ነው። ዲስኩን የሚነካው፣ ሚሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ኔትወርኩን የሚያናግረው፣ ለማን ምን እንደተፈቀደ የሚያየው እሱ ነው። መስኮቱም የይሉኝታ ጉዳይ አይደለም፤ ተራ ፕሮግራም መስመሩን ልለፍ ቢል ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል።

ስለዚህ የአንድ መተግበሪያ ስሕተትና የከርነል ስሕተት አይተካከሉም። የፎቶው መተግበሪያ ቢሳሳት ፎቶ ይበላሻል፣ ወይም መተግበሪያው ይዘጋል፤ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል። ጸሐፊዋ ስትታለል ግን በመዝገብ ቤቱ ያለው የሁሉም ሰው ፋይል ክፍት ይሆናል። ከርነሉን ያታለለ ፕሮግራም የማሽኑ ጌታ ነው።

የምሽቱ ታሪካችን ሊኑክስ በሚባለው ከርነል ውስጥ የተፈጸመ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ከርነል ነው፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮችም እንዲሁ። ኮዱ ከ20 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው፤ ማንም ሰው አውጥቶ ሊያነበው ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። ኤፕሪል 29 ቀን 2021 ድረ ገጾችን ለሚያስተናግድ አንድ ድርጅት ከደንበኛ አቤቱታ ደረሰ። ደንበኛው ያወረደው የሎግ ፋይል አልፈታ ብሎታል። ሎግ ማለት ድረ ገጹን የጎበኘ ሁሉ አንድ አንድ መስመር ሆኖ የሚመዘገብበት ፋይል ነው፤ የቀኑ መዝገብ ሌሊት ሌሊት ተጨምቆ፣ ጂዚፕ በሚባለው አጨማመቅ ታሽጎ ይቀመጣል። በታሸገው ፋይል መጨረሻ ላይ 8 ባይት አለ። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ይዘቱ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ የስሌት ውጤት ናቸው፤ ቀሪዎቹ 4 የይዘቱን ርዝመት ይናገራሉ። በደብዳቤ ግርጌ እንዳለ ማኅተም ቁጠሩት። ማክስ ኬለርማን የሚባለው የድርጅቱ ፕሮግራመር ፋይሉን ሲያየው ይዘቱ ደህና ነው፤ ማኅተሙ ግን ልክ አይደለም። የሌሊቱ ሥራ መሀል ላይ ተቋርጦ ይሆናል ብሎ ማኅተሙን በእጁ አስተካከለ፣ አቤቱታውን ዘጋ፣ ረሳውም።

ከወራት በኋላ ሌላ ፋይል ተበላሸ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሁልጊዜ ይዘቱ ደህና ነው፤ ሁልጊዜ የሚበላሸው ማኅተሙ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ማኅተሙን እያስተካከልን እንቀጥል ነበር፤ ሥራ ይበዛል፣ ደንበኛ ይጠብቃል። ኬለርማን ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ባለፉት ሦስት ወራት 37 የተበላሹ ፋይሎች አገኘ፤ የ22 የተለያዩ ቀናት ፋይሎች ናቸው። ከአብዛኞቹ ቀናት የተበላሸው አንድ አንድ ነው። ከኖቬምበር 30 ግን 7፣ ከዲሴምበር 31 ደግሞ 6፣ ከጃንዋሪ 31 ደግሞ 4። የወር መጨረሻ! ሃርድ ዲስክ ቢበላሽ ወይም ሚሞሪ ቢደክም የወሩን መጨረሻ ቀን ከየት ያውቀዋል?

ቀጥሎ የተበላሹትን 8 ባይቶች አንድ በአንድ አያቸው። በሁሉም ፋይሎች ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ላቲን ፊደል ሲመለሱ «ፒ» እና «ኬ» ይሆናሉ። ይህ የዚፕ ፋይል ምልክት ነው፤ የዚፕን ቅርጽ የፈጠረው ፊል ካትዝ የስሙን መነሻ ፊደላት አኑሮበታል። ተከታዮቹ ሁለት ባይቶች 1 እና 2 ናቸው። አራቱ አንድ ላይ ሲነበቡ በዚፕ ፋይል መጨረሻ ላይ የሚመጣው የይዘት ማውጫ መጀመሪያ ናቸው።

አሁን ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ። ደንበኞች የወሩን ሎግ በአንድ ላይ ማውረድ ሲፈልጉ አንድ ሌላ ፕሮግራም የየቀኑን ፋይሎች አከታትሎ በአንድ ዚፕ ያሽግላቸዋል። የመጨረሻውን ቀን ፋይል ካስተላለፈ በኋላ የሚጽፈው የይዘት ማውጫውን ነው። ያ ማውጫ ወደ ደንበኛው ብቻ መሄድ ሲገባው፣ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶቹ በመጨረሻው ቀን የሎግ ፋይል ግርጌ፣ በማኅተሙ ቦታ ላይ ተጽፈው ተገኙ። ጉዱ ታዲያ ይህ ነው፤ ዚፑን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በእነዚያ ፋይሎች ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ወዲህ ቆሞ በራሱ ወረቀት ላይ የጻፈው ቃል፣ ከመስኮቱ ወዲያ ባለው መዝገብ ላይ ታየ።

ልምድ ያለው ፕሮግራመር ከርነሉን የሚጠረጥረው ሌላ የሚጠረጥረው ሲያልቅበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ኮድ ሆኖ ይገኛልና። ኬለርማንም የራሱን ሥራ ሁሉ ከፈተሸ በኋላ ነው ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች የጻፈው። አንደኛው አንድ ፋይል ላይ «ኤ» የሚለውን ፊደል እየደጋገመ ይጽፋል። ሁለተኛው ያንኑ ፋይል እያነበበ በማስተላለፊያ ይልካል፤ ቀጥሎ በማስተላለፊያው ላይ «ቢ» ይጽፋል፤ ፋይሉ ላይ ግን ምንም አይጽፍም። ሁለቱን አስነሥቶ ፋይሉን ቢያየው «ቢ» የሚለው ፊደል ገብቶበታል። ቀኑ ፌብሩዋሪ 19፣ 2022 ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ትንሽ ታገሡኝ፤ የምሽቱ ከባድ ቦታ ይህ ብቻ ነው። ከርነል ፋይል ሲያነብ በ4096 ባይት ገጽ እየከፈለ ሚሞሪ ላይ ግልባጭ ያኖራል። ሌላ ባለጉዳይ ያንኑ ፋይል ቢጠይቅ የሚሰጠው ከዚሁ ግልባጭ ነው፤ ስለዚህ ለባለጉዳዮች ሁሉ ፋይሉ ማለት ግልባጩ ነው። በሌላ በኩል ከርነል ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ቃል የሚያስተላልፍበት ፓይፕ፣ ማለትም ቧንቧ አለው፤ ቅድም ማስተላለፊያ ያልሁት ይህንኑ ነው። ቧንቧውን በተርታ የተደረደሩ መሳቢያዎች አድርጋችሁ አስቡት። አንድ ፕሮግራም ወደ ቧንቧው ሲጽፍ ከርነሉ ባዶ ወረቀት ያወጣና ጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። ለእያንዳንዷ ቃል አዲስ ወረቀት እንዳይባክን መሳቢያው ላይ «ቦታ ካለ ቀጥለህ ጻፍ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ይህ ብልህነት ነው። ሌላም ብልህነት አለ። ፋይል በቧንቧ ሲተላለፍ ከርነሉ እንደገና በመገልበጥ ጊዜ አያጠፋም፤ ሚሞሪ ላይ ያለውን የፋይሉን ገጽ ራሱን መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለው መሳቢያ ላይ «ቀጥለህ ጻፍ» የሚል ምልክት ፈጽሞ ሊኖር አይገባም፤ ወረቀቱ የቧንቧው አይደለምና።

መሳቢያዎቹ በዙር ነው የሚያገለግሉት። ቀደም ሲል ተራ ወረቀት የነበረበት መሳቢያ አሁን የፋይል ገጽ ሲገባበት፣ ከርነሉ የድሮውን ምልክት ሳይፍቅ ገጹን አስቀመጠ። ቁም ጸሐፊ ያገለገለ ብራና ላይ ሊጽፍ ሲነሣ አስቀድሞ የቀደመውን ጽሑፍ ይፍቃል። እዚህ ሳይፋቅ የቀረው ምልክት «ቀጥለህ ጻፍ» ስለሚል፣ ተከትሎ የመጣው ቃል በፋይሉ ገጽ ላይ አረፈ። ከርነሉም ፈቃድ አልመረመረም፤ በገዛ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍ መስሎታል።

ኬለርማን ይህን ሲረዳ ጉዳዩ የሎግ መበላሸት መሆኑ ቀረ። ክፉ የሚያስብ ሰው ዕድል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ መሳቢያዎቹን ሁሉ አስቀድሞ ምልክት ሊያስደርግባቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንበብ የሚችለውን ማንኛውንም ፋይል ይቀይራል፤ የማሽኑ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ጭምር። እሱን የቀየረ ሰው አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ነው። ገደብ አለው፤ የገጹን የመጀመሪያ ባይት መንካት፣ የገጹን ወሰን መሻገር፣ ፋይሉን ማስረዘም አይችልም። ለሌባ ግን ያለው በቂው ነው። ደግሞም ከርነሉ ገጹ እንደተለወጠ ስለማያውቅ ለውጡን ወደ ዲስክ ላይጽፈው ይችላል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ፋይሉ እንደ ነበረው ይገኛል፣ አሻራም የለ።

ጥፋተኛው ማን ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ምልክቱ የማይፋቅበት ኮድ የገባው በ2016 ነው፤ ያኔ ሳይፋቅ ቢቀር አደጋ የሚያመጣ ምልክት አልነበረም። በ2020 በወጣው ሊኑክስ 5.8 ላይ ኮዱን ለማጥራት ሲባል «ቀጥለህ ጻፍ» የሚለው ፈቃድ በምልክት መልክ እንዲያዝ ተደረገ። የመጀመሪያው መርሳት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ንጹሕ ሥራ ነው። ሁለቱ አራት ዓመት ተራርቀው ተገናኙና በር ከፈቱ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ እዚህ ነው። ቀዳዳ የሰነፍ ወይም የተንኮለኛ ሥራ ይመስለናል። የዛሬን ለውጥ የሚገመግም ጠንቃቃ ሰው ግን የሚያየው የዛሬውን ለውጥ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት በሌላ ቦታ የተረሳችውን መስመር ከሃያ ሚሊዮን መስመር መካከል ማን ያስታውሰዋል? ለመደፈኑም የፈጀው ሁለት መስመር ኮድ ነው፤ ሁለቱም «ምልክቱን ዜሮ አድርግ» ነው የሚሉት።

ኬለርማን በማግሥቱ፣ ፌብሩዋሪ 20፣ ማስተካከያውን ጨምሮ ለሊኑክስ የደኅንነት ቡድን ላከ። በ21 ፒክስል 6 በተባለው የጉግል ስልክ ላይ ሞክሮ ስለሠራ ለአንድሮይድ ቡድን አሳወቀ። በ23 የተስተካከሉት የሊኑክስ ዕትሞች ወጡ፤ በ24 ጉግል ማስተካከያውን ወደ አንድሮይድ ከርነል አስገባ። ማርች 7 ዓለም ሁሉ ሰማ። ቀዳዳው «ዳርቲ ፓይፕ» ተባለ፤ ቆሻሻው ቧንቧ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልለፍ። ይህን ለሕዝብ መናገር ለሌባ መንገድ ማሳየት አይደለም ወይ? ኮዱን ለማንም መክፈትስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክፍት መሆን ብቻውን እንደማያድንም ማስረጃ አለ። ለዳርቲ ፓይፕ ስሙን ያወረሰው ዳርቲ ካው የተባለው ቀዳዳ ከ2007 እስከ ኦክቶበር 2016 ሊኑክስ ውስጥ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ኮድ ውስጥ! ቶርቫልድስ ራሱ ማስተካከያውን ሲያስገባ፣ ከ11 ዓመት በፊት ይህንኑ ስሕተት ለማረም ሞክሮ በደንብ እንዳላረመው በጽሑፍ አስፍሯል። ይህን ያህል ታላቅ ሰው ስሕተቱን በገዛ እጁ መጻፉን አከብርለታለሁ። ቀዳዳውን ያገኘው ፊል ኦስተር ደግሞ ያገኘው ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የኔትወርክ እንቅስቃሴ መዝግቦ ይይዝ ስለነበር ነው፤ አጥቂዎቹ ቀድመውታል ማለት ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ዓይን ያየዋል የሚለውን መጽናኛ ስለዚህ እንዳለ አልቀበለውም። ትኩር ብሎ የሚያይ ያስፈልጋል።

መደበቅ ግን የባሰ ነው። በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራው ክፍል ቀዳዳ ነበረበት። ይህን ቀዳዳ የሚጠቀመው ኢተርናል ብሉ የተባለ መሣሪያ ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እንደተሰረቀ ማይክሮሶፍት በይፋ ተናግሯል። የአገሪቱ የስለላ ድርጅት ቀዳዳው እንዲደፈን ከማድረግ ይልቅ ለራሱ ሊጠቀምበት ይዞት ነበር። ማስተካከያው ማርች 14 ቀን 2017 ወጣ፤ መሣሪያው ኤፕሪል 14 በአደባባይ ተበተነ፤ ሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በእሱ እየተጠቀመ 150 ያህል አገሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ቀዳዳ የሚይዘውን ሰው አይለይም፤ ለደጉ ብቻ ተከፍቶ ለክፉው የሚዘጋ ቀዳዳ የለም። ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ለሚደፍነው፣ ጥቂት ቆይቶ ለሁሉም መናገር። ኬለርማን ያደረገው በትክክል ይህንን ነው።

ከዋናክራይ ቀናት አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስተካከያው ከወጣ እስከ ጥቃቱ 59 ቀን አለ። ከተጎዱት አብዛኞቹ በእነዚያ ቀናት ያላዘመኑ ናቸው። ይህ በቀጥታ ወደ እኛ ያመጣናል። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «አታጥፉ» የሚል ወረቀት በፕላስተር የተለጠፈበት ሰርቨር ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ሳይጠፋ ቆይቷል፤ የሚኮራበትም ነበረ። ማስተካከያዎቹ በየጊዜው እየወረዱ ዲስኩ ላይ ተከማችተዋል፤ እየሠራ የነበረው ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣው አሮጌው ከርነል ነው። የተስተካከለ ከርነል እንደ ልማዱ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። መድኃኒቱ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ይህን የመሰለ ሰርቨር የሚጠብቁ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ አለቆቻችሁን የማጥፊያ ሰዓት ለምኑ፤ የእሑድ ሌሊትም ቢሆን።

ስልክ ላይ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ማስተካከያው ከከርነል ሠሪዎች ወደ ጉግል፣ ከዚያ ወደ ቺፕ አምራቹ፣ ከዚያ ወደ ስልክ አምራቹ አልፎ ነው እጃችን የሚገባው፤ አምራቹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መላክ ያቆማል። በዚያን ጊዜ ዳርቲ ፓይፕ የነካው አዳዲስ ከርነል ያላቸውን ስልኮች ነው፤ የቆዩት አልነካቸውም። የቆየ ስልክ ግን የራሱ የቆዩ ቀዳዳዎች አሉት። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከሜይ 2021 ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ውጭ ያለ ዘመድ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእናቱ ይልካል፤ እናትም በእሱ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ትልካለች። ለእናታችሁ ስልክ የምትልኩ ሁሉ፣ አምራቹ ማስተካከያ መላክ ያላቆመበትን ምረጡላት። የካሜራው ጥራት ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከመለያየታችን በፊት ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ስለ ስልኩ ወይም ስለ ደኅንነት የሚለውን ክፈቱ፤ ሴኩሪቲ ፓች የሚልና ከጎኑ ቀን ያለበት መስመር ታገኛላችሁ። ስልካችሁ ማስተካከያ የያዘው እስከዚያ ቀን ድረስ ነው። ቀኑ ከዓመት በላይ ያለፈው ከሆነና አዲስ ማስተካከያ አለ ካላችሁ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ዛሬውኑ ጫኑት። ያልገባችሁ ካለ ከመድረኩ በስተግራ እቆያለሁ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው።